ለቡድን ሥራ የአውሮፕላን ሞዴል ኪት እንዴት ይመረጣል? ከደሴ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ዓመት ደሴ ላይ ሰባት ሆነን አንድ የቡድን ሥራ ጀመርን። እያንዳንዳችን አንድ የአውሮፕላን ሞዴል ገጣጥመንና ቀለም ቀብተን በተወሰነው ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ልንደረድር ተስማማን። ቀኑ ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ የቆሙት ሁለት ብቻ ነበሩ። አምስቱ የቀሩት እጃቸው ስላልሠለጠነ አይደለም፤ የተሰናከሉት ገና ኪቱን፣ ማለትም ያልተገጣጠሙትን የሞዴሉን ክፍሎች የያዘውን ሳጥን፣ ሲመርጡ ነው። የአንዱ ክንፍ ከጠረጴዛው በለጠ፣ የሌላው ቀለም በከተማው ጠፋ፣ የሦስተኛው ዲካል (በውሃ ተነክሮ የሚለጠፍ የታተመ ምልክት) ውሃ ሲነካው ተበጣጠሰ፣ አራተኛው የገዛው ዓይነት ከርዕሱ ውጭ ሆኖ ተገኘ። አምስተኛዋ ሳጥኑን የከፈተችው ሦስት ሳምንት ሲቀር ነበርና የጎደለውን ክፍል ለማስመጣት ጊዜ አጣች።

ይኸው ስህተት ኮምቦልቻም ወልድያም ሲደገም አይቻለሁ። ስለዚህ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ተከተሉ፤ አምስተኛውን ሳትጨርሱ ደግሞ ለኪቱ ገንዘብ አትክፈሉ።

አስቀድማችሁ አዘጋጁ

ማስመሪያ፣ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ ባዶ ካርቶን፣ መቀስ፣ ነጭ የፕላስቲክ ማንኪያዎች፣ ወረንጦ፣ ምላጭ፣ 400 እና 800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ጥቂት የልብስ መቆንጠጫዎች፣ አንድ ደብተር። ኪቱ ከመገዛቱ በፊት ይህ ሁሉ ሥራ አለው።

ደረጃ 1፦ ደንቡን ጽፋችሁ ተፈራረሙ

በቃል የተባለ ደንብ በሦስተኛው ሳምንት ይረሳል። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ እነዚህን አስፍሩ፦

• ርዕሱ ምን እንደሆነ፤
• የሚፈቀዱት ስኬሎች (ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንዳነሰ የሚያሳዩ ልኮች) የትኞቹ እንደሆኑ፤
• የተጀመረ ኪት ይዞ መግባት ይቻል እንደሆነ። በብዙ ቡድኖች የተለመደው ሥራው ከ25 በመቶ ያላለፈ ኪት መቀበል ነው፤
• «አለቀ» የሚባለው መቼ እንደሆነ። ዲካሉ ተለጥፎ፣ መከላከያ ቫርኒሹ ደርቆ፣ በጎማው የቆመ ሞዴል ማለት ነው ብላችሁ ጻፉት፤
• ኪት መለወጥ የሚቻልበት የመጨረሻ ቀን።

ርዕሱን ስትመርጡ በቂ ኪት የሚገኝለት መሆኑን አረጋግጡ። የእኛ ርዕስ «በወሎ ሰማይ ያለፉ» የሚል ነበር። መልካም ርዕስ ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ ያሉት አውሮፕላኖች እኩል አይገኙም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረባቸው ሲ-47ዎች በየስኬሉ ኪት አላቸው። በ1977 የረሃብ ዘመን እርዳታ ያመላለሱት ሲ-130ዎችም እንደዚሁ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴን የደበደቡትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ለመሥራት ለተነሳ ሰው ግን የዚያ ዘመን የካፕሮኒ ቦምብ ጣይ ኪት ብርቅ ነው፤ ፍለጋው ብቻ ወራት ይወስዳል። እንዲህ ያለውን የመረጠ አባል ሁለተኛ ምርጫውን በዚያው ወረቀት ላይ ያስመዝግብ።

ደረጃ 2፦ ከማብቂያው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ

ቀን መቁጠሪያውን አውርዱና የማብቂያውን ቀን ክበቡት። ከዚያ የማትሠሩባቸውን ሳምንታት በቀይ ሰርዙ። እኛ ለዒድም ለፋሲካም የምንጠራራ ሰዎች ነን፤ ስለዚህ የረመዳን ምሽቶችና የበዓል ሰሞኖች ከሁላችንም ሂሳብ ይወጣሉ። ፈተና ያለበት ተማሪ፣ አዝመራ የሚሰበስብ ቤተሰብ ያለው፣ ሁሉም የራሱን ይሰርዝ። የተረፉትን ሳምንታት ቁጠሩና በሳምንት በእርግጥ በምትሠሩት ሰዓት አባዙ። የምትመኙትን ሰዓት አትጻፉ።

በእኛ ጠረጴዛ ላይ ባየነው ልክ፣ ባለ አንድ ሞተር ተዋጊ በ1/72 ለጀማሪ 30 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ባለ ሁለት ሞተር ማጓጓዣ እጥፉን ይበላል። ባለ አራት ሞተሩ ሲ-130 ደግሞ አራት ሞተር፣ አራት ፕሮፔለርና ብዙ መስኮት ማለት ነው፤ አራቱን አንድ ዓይነት አድርጎ መሥራት ትዕግሥትን ይፈትናል። ኪቱ የሚፈጀው ሰዓት ካላችሁ ሰዓት ከሁለት ሦስተኛው የሚበልጥ ከሆነ ኪቱን ለሌላ ጊዜ ተዉት። የቀረው አንድ ሦስተኛ ለስህተት ማረሚያ ነው።

አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ይህን ሳሰላለት «አብሽር ጋሼ፣ ሁለት ሳምንት ምን አላት» አለኝ። ሁለቱ ሳምንታት መብራት በመጥፋቱና ቀለሙ ሳይደርቅለት በመቅረቱ አለፉ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ የተሳሳተው ሂሳቡ ላይ ነው።

የአየሩንም ጠባይ በሂሳቡ አስገቡ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ በሐምሌና በነሐሴ ቀለም ለመድረቅ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። እኛ ጋ የበልግ ዝናብም አለ። ስለዚህ የቀለሙ ሳምንታት ከጥቅምት እስከ ጥር እንዲውሉ አድርጋችሁ ጀምሩ።

ደረጃ 3፦ ስኬሉን በካርቶን ቆርጣችሁ እዩት

1/72 ማለት እውነተኛው አውሮፕላን 72 ጊዜ አንሶ ማለት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ የእውነተኛውን ርዝመት በሜትር ያዙ፣ በ100 አባዙ፣ ለስኬሉ ቁጥር አካፍሉ፤ መልሱ ሴንቲ ሜትር ነው።

ሲ-47 የክንፉ ስፋት 29 ሜትር ነው። በ1/144 20 ሴንቲ ሜትር፣ በ1/72 40፣ በ1/48 ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የሲ-130 ክንፍ 40.4 ሜትር ስለሆነ በ1/72 56 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ወደ ኮምቦልቻና ላሊበላ የሚመላለሰው ኪው 400 ክንፉ 28.4፣ ርዝመቱ 32.8 ሜትር ነው፤ በ1/144 20 በ23 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ቦይንግ 787-8 ክንፉ 60 ሜትር በመሆኑ በ1/144 እንኳ 42 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

ቁጥሩን አግኝታችሁ አታቁሙ። ካርቶኑን በዚያ ልክ በመስቀል ቅርጽ ቁረጡና በምትሠሩበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ ሦስት ነገር ሞክሩ፦ ሳይነካችሁ ዙሩት፤ ማታ የምታስቀምጡበት ቁም ሣጥን ውስጥ አስገቡት፤ ለቀለም በምትጠቀሙበት ሳጥን ውስጥ አዙሩት። አንዱ እንኳ እምቢ ካለ ስኬሉን ዝቅ አድርጉ። በ1/48 ሲ-47 የጀመረው ጓደኛችን ክንፉን ካጣበቀ በኋላ ሞዴሉ በክፍሉ በር በአግድሞሽ አልገባለትም፤ ሲያዘነብለው ፕሮፔለሩ ተሰበረ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ትንሽ ስኬል ቀላል ነው» ብላችሁ አትሳቱ። በ1/144 የጎማው በሮች ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጡም፤ ከወረንጦ ተስፈንጥረው ከጠፉ አይገኙም። ለጀማሪ በ1/72 ባለ አንድ ሞተር፣ ወይም በ1/144 ቀላል የመንገደኛ አውሮፕላን ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ዓይነቱን አረጋግጡ

የሳጥኑ ስም ትክክል ሆኖ ይዘቱ ሊሳሳት ይችላል። የምትሠሩትን አንድ አውሮፕላን ፎቶ አግኙ፤ ቢቻል ከግራም ከቀኝም። ከዚያ በሳጥኑ ውስጥ ያሉትን የክፍሎች ፎቶ ፈልጋችሁ ጎን ለጎን አስተያዩ።

ለምሳሌ ሲ-130። በ1977 የበረሩት ባለ አራት ምላስ ፕሮፔለር ናቸው። ባለ ስድስት ምላስ ፕሮፔለር የያዘው ሲ-130 ጄ ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ የመጣ ነው፤ ኪቱ የጄ ከሆነ ለዚያ ርዕስ አይሆንም። ኪው 400 ደግሞ ባለ ስድስት ምላስ ነው፤ ከእርሱ ቀድሞ የወጣው ታላቅ ወንድሙ አጭሩ ዳሽ 8 ባለ አራት ምላስ ስለሆነ ኪቶቹን አታቀያይሩ። የቦይንግ 787 ሞተር ከሁለት አምራቾች፣ ከጄኔራል ኤሌክትሪክና ከሮልስ ሮይስ ይመጣል፤ የኋላው ጫፍ ቅርጽ ስለሚለያይ በምትሠሩት የምዝገባ ቁጥር ላይ የትኛው እንደተገጠመ ፎቶውን አይታችሁ ግዙ።

ሲ-47ን ለኢትዮጵያ አየር መንገድ የምትሠሩ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ወታደራዊ ሲ-47ዎች ስለነበሩ በግራ በኩል ሰፊ የጭነት በር ያለውን ኪት ያዙ። ለመንገደኛ የተሠራው የሲ-47 ወንድም፣ የዲሲ-3 ኪት፣ ትንሽ በር ነው ያለው፤ ሰፊውን በር ከባዶ መቅረጽ ለጀማሪ አይመከርም።

የፎርማውንም (ክፍሎቹ ተቀርጸው የሚወጡበት ማለት ነው) ዕድሜ ጠይቁ። አምራቾች አሮጌ ፎርማ በአዲስ ሳጥን እየደጋገሙ ያወጣሉ። የእንግሊዙ ኪት አምራች ኤርፊክስ በ1/72 ሁለት የተለያዩ ዳኮታዎች (እንግሊዞች ሲ-47ን የሚጠሩበት ስም ነው) አሉት፤ አሮጌው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሲሆን አዲሱ የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። በአሮጌው የገላው መስመሮችና ሪቬቶች ከላይ ያበጡ ናቸው፤ ስትፍቁት ይጠፋሉ፣ መገጣጠሚያውም ይከፈታል። ሻጩ የክፍሎቹን ፎቶ ሊያሳያችሁ ካልፈለገ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ደረጃ 5፦ ከኪቱ በፊት ቀለሙን አግኙ

ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አደርገዋለሁ።

ኪቱ ከውጭ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከጂዳ ወይም ከዱባይ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ነው። ተቀጣጣይ ቀለም፣ ቲነርና ማጣበቂያ ግን በመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ መያዝ ክልክል ነው። ዘመዳችሁን በአውሮፕላን ማረፊያ ችግር ውስጥ አትክተቱ፤ «ትንሽ ጠርሙስ ነች» አትበሉ። ስለዚህ ኪቱ የሚፈልገውን ቀለም እዚሁ ማግኘት መቻላችሁን አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ።

1. የኪቱን የመመሪያ ወረቀት ፎቶ አግኙና የሚጠይቃቸውን ቀለሞች ዘርዝሩ። ከስድስት በላይ ከሆኑ ጀማሪ ይተወው።
2. ዝርዝሩን ይዛችሁ የመኪና ቀለም የሚቀላቅሉ ሱቆች ሂዱ። ደሴም ኮምቦልቻም አሉ። የቀለም ስም ብትነግሯቸው አይረዳቸውም፤ የታተመ የቀለም ናሙና አሳዩ።
3. ከእያንዳንዱ ጥቂት አስቀላቅሉና ነጭ የፕላስቲክ ማንኪያ ላይ ሞክሩ። መጀመሪያ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መሠረት) በስሱ ቀቡ፤ 24 ሰዓት አቆዩ። ቀጥሎ ቀለሙን እጅግ በስሱ፣ በየ20 ደቂቃው አንድ ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ቀቡ።
4. በማግስቱ በጥፍራችሁ ጫሩት። ከዚያ የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ በአንድ ጊዜ ንጠቁት። ቀለሙ ተከትሎ ካልተነሳ አልፏል።

ካልተሳካ፦ የማንኪያው ፊት ከተኮማተረ ወይም ከሻከረ ቲነሩ ፕላስቲኩን በልቶታል። ቀለሙን አትጣሉት፤ ፕራይመሩን ሁለት ጊዜ በስሱ ቀቡና እንደገና ሞክሩ። አሁንም ከተበላ ውሃ ወደሚቀላቀለው አክሪሊክ ዙሩ። እርሱ በብሩሽም ይሄዳል፤ መብራት ሲጠፋ ኮምፕሬሰር አያስፈልገውም።

የቀለሙ ዓይነትም ክብደት አለው። ፈዛዛ አረንጓዴና ቡናማ ወታደራዊ ቀለም ጥቃቅን ጉድለት ይሸሽጋል፤ ለጀማሪ የሚስማማው ይኸው ነው። ያልተቀባ ብረት የሚመስለው ብርማ ቀለም አንዲት የብርጭቆ ወረቀት ጭረት እንኳ አይደብቅም፤ የጥንቶቹ ሲ-47ዎች የሚያስቸግሩት በዚህ ነው። የሚያብረቀርቅ ነጭ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ አራት አምስት ስስ ቅብ ይፈልጋል፣ በመካከሉ የሚበር ትንኝና አቧራ ሁሉ ይወድቅበታል። 787ን የመረጣችሁ ለነጩ ብቻ ሁለት ሳምንት መድቡ።

ዲካሉንም በዚሁ ደረጃ ፈልጉ። አብዛኞቹ የመንገደኛ አውሮፕላን ኪቶች የኢትዮጵያን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጅራት ይዘው አይመጡም፤ ለብቻው የታተመ ዲካል መግዛት ያስፈልጋል። ዲካሉ በእጃችሁ ሳይገባ ኪቱን አትዘዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቲነር፣ አሴቶንና የሞዴል ማጣበቂያ ከከሰል ምድጃ አጠገብ አይከፈቱም። ቡና እየተፈላ ባለበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አትሥሩ፤ ትነቱ እሳቱን ፈልጎ ይሄዳል። መስኮት ክፈቱ፣ ሕፃናትን አርቁ።

ደረጃ 6፦ እዘዙ፤ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ

ለሚያመጣላችሁ ሰው የአምራቹን ስም፣ ስኬሉንና የሳጥኑን የምርት ቁጥር ጻፉለት። «ዳኮታ በለው» ብሎ የላከ ሰው አሮጌው ዳኮታ ደርሶታል። የሳጥኑን ልክም ንገሩት፤ ሻንጣው ካልበቃ ሳጥኑን ዘርግቶ ክፍሎቹን በልብስ መካከል ማምጣት ይችላል፣ ግልጹ የመስኮት ክፍል ግን በጠንካራ ዕቃ ውስጥ ለብቻው ይሁን።

ደረጃ 7፦ ሳጥኑ በደረሰ ዕለት መርምሩት

ሳጥኑን ታሽጎ አታስቀምጡ። በዚያው ቀን፣ ጠዋት በመስኮት ብርሃን ክፈቱት።

በመጀመሪያ ክፍሎቹ ተያይዘው የሚመጡባቸውን የፕላስቲክ ፍሬሞች ከመመሪያው ሥዕል ጋር በፊደል በፊደል አመሳክሩ። ከፍሬሙ የተላቀቀ ክፍል ብዙ ጊዜ በከረጢቱ ጥግ ተደብቋልና ከረጢቱን ሳታራግፉ አትጣሉ።

ሁለተኛ፣ ግልጹን ክፍል በወረንጦ አንሱና ወደ መስኮቱ አዙሩት። ቀስ እያላችሁ አጋድሉት። ስንጥቅ ካለ በአንድ ማዕዘን ላይ ብቻ እንደ ፀጉር ክር ብልጭ ይላል፤ ቀጥ አድርጋችሁ ስትይዙት ይጠፋል። ባለፈው ዓመት ያመለጠን ስንጥቅ እንዲህ ያለ ነበር፤ ማጣበቂያ ሲነካው እስከ ማዶ ተሰነጠቀ።

ሦስተኛ፣ ክንፎቹን መስታወት ላይ አስተኙ። አንዱ ጫፍ ከተነሳ ተጣሟል። እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል አቆዩት፣ በጣታችሁ በቀስታ አቅኑት፣ ቅርጹን እንደያዘ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት። የፈላ ውሃ አታፍሱበት።

አራተኛ፣ ዲካሉን ፈትኑ። የማትጠቀሙበትን አንድ ትንሽ ምልክት ቆርጣችሁ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 30 ሰከንድ ንከሩ፤ አውጥታችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና በማንኪያው ላይ አንሸራትቱት። ሳይበጠስ ከተንሸራተተ ደኅና ነው። ከተበጣጠሰ የቀረውን ሉህ በሙሉ በሚያብረቀርቅ ግልጽ ቫርኒሽ በስሱ ሸፍኑና አድርቁ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ምልክት ጠርዙን ተከትላችሁ መቁረጥ ግድ ይሆናል። ቢጫ ከሆነ ሉሁን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ፀሐይ በሚያገኝ መስኮት ላይ ጥቂት ቀናት ለጥፉት፤ ይነጣል።

የጎደለ ነገር ካገኛችሁ ያንኑ ዕለት ፎቶ አንስታችሁ ለሻጩ ላኩ። ሳምንት ከቆየ ማን እንዳጠፋው ማረጋገጥ አይቻልም።

ደረጃ 8፦ ያለ ማጣበቂያ ገጥሙት

የገላውን ሁለት ግማሾችና ክንፎቹን ብቻ ከፍሬሙ ቁረጡ። በምላጭ ከክፍሉ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ቁረጡና ትርፉን ኋላ ፍቁት። ጠርዙን አጽዱ፤ በልብስ መቆንጠጫና በወረቀት ፕላስተር አያይዙ።

አሁን ክፍተቱን ለኩ። የተለመደው የኮምፒውተር ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ወረቀቱን እያጠፋችሁ በክንፉና በገላው መካከል አስገቡ።

• አንድ ወይም ሁለት ድርብ ከገባ፦ ማጣበቂያውና ቀለሙ ይዘጉታል።
• እስከ አምስት ድርብ፦ መሙያ ይፈልጋል። ከፍሬሙ ትርፍ ፕላስቲክ ከትፋችሁ በሞዴል ማጣበቂያ ጠርሙስ ውስጥ አሟሙ፤ እንደ ማር ሲሆን በክፍተቱ ሙሉና ሁለት ቀን አቆዩ።
• ስምንትና ከዚያ በላይ፦ በስስ ፕላስቲክ መደገፍ አለበት። ግርጌው ላይ 6 ቁጥር የታተመበት የእርጎ ኩባያ ከኪቱ ጋር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሆነ ቆርጣችሁ ማጣበቅ ትችላላችሁ። ጀማሪ ከሆናችሁ ግን ኪቱን ለሠለጠነ አባል አስተላልፉና ሌላ ያዙ።

የፊት ጎማ ያለው አውሮፕላን ከሆነ አፍንጫው ውስጥ ክብደት መግባቱን መመሪያው ላይ እዩ፤ ካልገባ ሞዴሉ በጅራቱ ይቀመጣል። ትናንሽ ዳዶዎችን በኢፖክሲ አጣብቁ። እርሳስ የምትጠቀሙ ከሆነ በነጭ የእንጨት ኮላ አታጣብቁት፤ ሁለቱ ሲገናኙ እርሳሱ በጊዜ ብዛት እያበጠ ገላውን ይሰነጥቃል። ሲ-47 በጅራት ጎማው የሚቀመጥ ስለሆነ ይህ አያስፈልገውም።

ደረጃ 9፦ ተጠባባቂ ኪት ያዙና መዝግቡ

ለሰባት ሰው ሁለት ትናንሽ ተጠባባቂ ኪቶች በጋራ ግዙ፤ ባለ አንድ ሞተር በ1/72፣ ሁለት ቀለም ብቻ የሚፈልግ ይሁን። ዋናው ኪቱ በደረጃ 7 ወይም 8 የወደቀበት አባል ከእነዚህ ይወስዳል። ጊዜው ከግማሽ ካለፈ በኋላ ግን ተጠባባቂውም አይደርስም፤ ለዚህ ነው የመለወጫው የመጨረሻ ቀን በደንቡ ውስጥ የሚገባው።

ፈተናውን ሁሉ ያለፈ ኪት ክዳኑ ላይ የባለቤቱ ስም፣ የተከፈተበት ቀንና የተሞከሩት ቀለሞች ቁጥር ይጻፍበት። የሞከራችሁበትን ማንኪያ ከሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡት፤ ከሁለት ወር በኋላ ቀለም ስትጨምሩ የምታስተያዩት ከእርሱ ጋር ነው።